እትዬ በእንቅልፍ ልቧ ያለችው

እትዬ የምትላት ታናሽ እህቷ ብቻ አልነበረችም። ጎረቤቱም፣ የሥራ ባልደረባውም፣ በዕድሜ የሚበልጧት ሳይቀሩ እትዬ ነው የሚሏት። አንዳንድ ሰው ገና በልጅነቱ የሁሉ ታላቅ ሆኖ ይቀራል፤ እሷም እንዲያ ሆና ቀረች። እናታቸው ስትሞት እሷ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር፣ ታናሿ ደግሞ ዘጠኝ። አባታቸው ቀድሞ ስለሄደ፣ ምን ይሻላል ተብሎ የሚጠየቅ ሰው በቤቱ አልነበረም። እትዬ ብዙም ሳትቆይ የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ተቀጠረች፤ ይኸው እስካሁን አልወጣችም።

ታናሿን ሚጢ ትላታለች። ሚጢ ትባል እንጂ ሠላሳውን አልፋለች፣ ቁመቷም በር ላይ ጎንበስ ካላለች የሚያስገባት አይደለም። ሥራዋ ሙዚቃ ነው፤ ቤዝ ጊታር ትጫወታለች። ልጅ ሆና በሰፈሩ የወጣቶች ማዕከል መሣሪያ ሲከፋፈል፣ ጊታሩን የፈለገው ወሰደው፣ ከበሮውን የቀደመው ያዘው፤ እሷ ዘግይታ ስትደርስ ማንም ያልፈለገው ያ ረጅምና ከባድ ነገር ብቻ ግድግዳ ተደግፎ ጠበቃት። ቤት ይዛው ስትመጣ እትዬ ክሮቹን ቆጠረችና፣ "ምነው አራት ብቻ? ሁለቱን ማን በላቸው?" አለች። ከዚያ ወዲህ ሲኮራረፉ የሚታረቁት በዚህች ቀልድ ነው።

ሚጢ ብዙ ዓመት ከሰው ዘፋኝ ኋላ ቆማለች። በሆቴል አዳራሽ፣ ከከበሮው ጎን፣ መብራት በማይደርስበት ጥግ። ዘፋኙ ይጨበጨብለታል፣ አበባ ይሰጠዋል፤ እሷ ገመዷን ጠቅልላ ትወጣለች። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን የራሷን ዘፈን መጻፍና መዝፈን ጀመረች። ድምፅዋ ትንሽ ነው። አይጮህም፣ አይለማመጥም፤ ጆሮ ሥር ሆኖ እንደሚያወራ ሰው ዝግ ብሎ ይሄዳል፣ ቤዙም ከሥሩ በእርጋታ ይረግጣል። የወደዱት ሁሉ "ሕልም ይመስላል" ይላሉ። ያልወደዱትም ከዚያ ብዙ አልራቁም፤ "እንቅልፍ ያመጣል" ነው የሚሉት።

እትዬ ከወደዱትም ካልወደዱትም ወገን አልነበረችም፤ የታናሿን አንድ ዘፈን እንኳ ከዳር እስከ ዳር ሰምታ አታውቅማ። ጠልታው አይደለም። ጎህ ሲቀድ ትወጣለች፤ ቀኑን ሙሉ ጋሪ ስትገፋ፣ አንሶላ ስትተኩስና ስታጥፍ ትውልና አመሻሽ ላይ ትገባለች። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ማውለቅ ስትጀምር፣ ሚጢ ማዶ ወንበር ላይ ሆና ቤዙን ያለ ድምፅ ማጉያ ትነካካለች። ሁለተኛው ጫማ ሳይወልቅ እትዬ የለችም። "አንቺ ዱም ስትዪ እኔ ድፍት" ትላለች በማግስቱ፣ አንድ እግሯ ላይ ብቻ ጫማ ይዛ ስትነቃ። ጭልጥ ብላ ከመተኛቷ በፊት ታዲያ ጥቂት ታወራለች። በእንቅልፍ ልቧ የምታወራውን ሚጢ አንዳንዴ ጠዋት ትነግራትና ሁለቱም ይስቃሉ።

ነገሩ የተነሳው አንድ ረፋድ ላይ መብራት ሲጠፋ ነው። ማጠቢያ ክፍሉ በሥራ ላይ ሲሆን ሰው የሚግባባው በእጅና በቅንድብ ነው፤ ከማሽኑ ጩኸት የተነሳ የራስን ሳል እንኳ መስማት አይቻልም። መብራቱ ድርግም ሲል ትላልቆቹ ማጠቢያዎች እያቃሰቱ ቆሙ። ማድረቂያው ውስጥ ይሽከረከር የነበረው ጋውን ሁሉ አንዴ ተገለበጠና ክምር ብሎ ቀረ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው የባትሪ ሬዲዮ ብቻዋን ተሰማች። ለካ ማንም ሳይሰማት ቀኑን ሙሉ ስታወራ ነበር የምትውለው።

እትዬና ሳቂታ የሚሏት የሥራ ጓደኛዋ አንድ እርጥብ አንሶላ ግራና ቀኝ ይዘው ነበር። ሬዲዮው ውስጥ ቤዝ ተሰማ፤ ቀስ ያለ፣ ደረጃ እየያዘ እንደሚወጣ ሰው ያለ። ቀጥሎ ትንሽ ድምፅ ገባ።

መብራቱን አታጥፊው፣ ገና አልመጣሁም፤
ጫማዬ ደርሷል እንጂ፣ እኔ አልገባሁም።

እትዬ መጀመሪያ ደስ አላት። የሚጢ ድምፅ ነው! ልጄ በሬዲዮ ስትዘፍን! ደስታዋ ግን ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። ቃሉን አወቀችው። ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት ሚጢ እየሳቀች፣ "ማታ ምን እንዳልሽ ታውቂያለሽ? አልጋሽ ላይ ተጋድመሽ፣ መብራቱን አታጥፊው፣ ገና አልመጣሁም አልሽኝ" ብላ ነግራት ነበር። ያን ጊዜ እሷም ስቃ ጉዳዩን ረስታዋለች። አሁን ዘፈኑ ቀጠለ፤ እንቅልፍ ሳይወስዳት፣ ቆማ፣ እርጥብ አንሶላ በእጇ ይዛ፣ የታናሿን ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

ጋሪ የሚገፉት ሽማግሌ የቆሸሸ ልብስ ክምር ላይ ቁጭ አሉ። ሳቂታ የአንሶላውን ጫፍ ደረቷ ላይ ጥላ፣ እንባዋን እየጠረገች "ውይ!" አለች። "ይቺ ልጅ እኛ ጋ ሠርታ ታውቃለች መሰለኝ። ማን ትባላለች?"

"እኔ እንጃ" አለች እትዬ።

ለምን እንዲያ እንዳለች ራሷም አላወቀችም። መብራቱ መጣ፣ ማሽኖቹ ተነሱ፣ ሬዲዮዋ ተዋጠች። እትዬ ቀኑን ሙሉ ፊቷን ጥላ ዋለች።

አመሻሽ ላይ ስትገባ ሚጢ እንደ ወትሮዋ ወንበሩ ላይ ነበረች። እትዬ አልተቀመጠችም። ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች በሩን ተደግፋ ቆመች።

"ምነው ጫማሽን አታወልቂም?" አለች ሚጢ።

"አላወልቅም። ጫማዬን ሳወልቅ ሬዲዮ ላይ ነው የማገኘው።"

ሚጢ እጇ ክሩ ላይ ቀረ። "ሰማሽው?"

"እኔ ብቻ? አገሩ ሁሉ ሰማው እንጂ! ሽማግሌው ጋሪ ገፊ ሳይቀሩ ቁጭ ብለው ሰሙት።"

"ልነግርሽ ነበር እትዬ። ስንቴ ጀመርኩ፤ ገና 'አንድ ዘፈን' ስልሽ እንቅልፍ ይወስድሻል።"

"ታዲያ በእንቅልፌ መሃል ኪሴ ትገቢያለሽ? እኔ ቤቴ ገባሁ ብዬ፣ ሰው የለም ብዬ ያወራሁትን!" ድምፅዋ ተንቀጠቀጠባት፤ ያም አናደዳት። "ስንቱ ነው?"

"ምኑ?"

"የኔ የሆነው።"

ሚጢ አንገቷን ደፋች። ያ ሁሉ ቁመት ወንበሩ ላይ እጥፍጥፍ አለ። "ሁሉም" አለች።

እትዬ ወጥ ቤት ገብታ ፊቷን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠበች። ተመልሳ መጥታ የወጥ ቤቱን በር ተደግፋ፣ እጇን አጣምራ ቆመች። "ተጫወቺ" አለች። "አንድ በአንድ። ዛሬ ቆሜ ነው የምሰማሽ።"

ሚጢ ተጫወተች። ስለ ትራስ አንድ ነበር፦ ገልብጪው፣ ያኛው ወገን ይቀዘቅዛል የሚል። በሌላው እግሯን የት እንዳስቀመጠችው የምትጠይቅ ሴት ነበረች፤ ከአልጋ ሥር ፈልጊልኝ፣ ጠዋት ያስፈልገኛል ትላለች። "ዛሬ ማንም አይጥራኝ፣ ስሜ ደክሞታል" የሚል ሲመጣ እትዬ ሳታስበው ፈገግ አለች፤ እንዳትታይ ደግሞ ፊቷን አዞረች። ዓይኗ በራሱ ጊዜ ይከደናል፤ እሷ ታስገድደዋለች። ደግሞ የሚገርመው፣ ቃሉ የራሷ ይሁን እንጂ እንደዚህ አምሮ ከአፏ መውጣቱን አታውቅም ነበር። የደከመ ሰው እንዲህ ይናገራል እንዴ?

ሚጢ ተቀርጾ በሬዲዮ የወጣውን ደግሞ ከስልኳ አሰማቻት። ማጠቢያ ክፍል ውስጥ በደንብ ያልሰማችው ነገር አሁን ተሰማት። ከቤዙ በላይ አንድ የሚንሰፈሰፍ፣ የሚጎተት ድምፅ አለ።

"ይሄ የሚያለቅሰው ምንድን ነው?"

"ኪቦርድ ነው።"

"ማን ሞቶበት?"

ሚጢ ሳቋ መጣ፤ ግን ዋጠችው። "ስሜቱን እንዲያጎላው ብለን ነው። ኀዘኑን።"

"የምን ኀዘን?" እትዬ ከበሩ ተላቀቀች። "ስሚኝማ። እኔ አዝኜ አይደለም እንደዚያ የምለው። ደክሞኝ ነው። ድካምና ኀዘን ይለያያል። ያዘነ ሰው እዩኝ ይላል፤ የደከመው ሰው የሚፈልገው ዝም እንዲሉት ነው። ያላዘንኩትን ለምን አሳዘንሽኝ? ይኸው ሳቂታ ስትሰማ እንባዋ መጣ። ማን አልቅሱልኝ አለ?"

ሚጢ የስልኳን ዘፈን አቆመችው። "ልክ ነሽ" አለች። "እኔም የሆነ ነገር ሲከብደኝ ነበር። ኪቦርዱ ነው።"

"አስወጪው። አለቀ?"

ሚጢ አንዱን ክር ያዘችው፣ ለቀቀችው። "አንድ ቀርቷል። ለማንም አሰምቼው አላውቅም። ልተወው?"

"አሰሚኝ።"

የዚህኛው ቤዝ ከሁሉም የዘገየ ነበር፤ አንድ ድምፅ ሙሉ በሙሉ ሳይሞት ሌላው አይመጣም። ሚጢ ቀና ሳትል ዘፈነችው።

ና ግባ፣ በሩ ክፍት ነው፤ ልጅቷ አድጋለች፤
በራሷ ትበላለች፣ ብቻዋን ትተኛለች።

እትዬ የበሩን መቃን ያዘች። ይሄን ሚጢ ጠዋት ነግራት አታውቅም። ማንም ነግሯት አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ፣ ማጠቢያ ክፍል በገባች በሁለት ሦስት ዓመቱ፣ የሆስፒታሉን በርና አልጋ የሚጠግን አንድ አናጢ ነበር። ዝምተኛ ሰው ነው። የልብስ መደርደሪያውን ሊሠራ መጥቶ፣ ሠርቶ ከጨረሰ በኋላም መጥቶ፣ በመጨረሻ አንድ ቀን መዶሻውን በእጁ እንደያዘ ላግባሽ ሳይሆን አግቢኝ በሚመስል ድምፅ ጠየቃት። እሷም አልጠላችውም። "ልጅቷ ትንሽ ትደግልኝ" አለችው። እሺ አለ፤ ጠበቀ። ልጅቷ ስታድግ ደግሞ ትምህርቷን ትጨርስልኝ አለችው። እሱም ጠበቀ። ከዚያ አንድ ቀን መምጣት ተወ። እትዬ ይሄን ለማንም አልተነፈሰችም፤ ለሚጢማ ጭራሽ። በሷ ቤት፣ ቀብራው ነበር።

"ማን ነው እትዬ?" አለች ሚጢ።

እትዬ መቃኑን አልለቀቀችም።

"ልጅቷ እኔ ነኝ አይደል?"

"ይሄኛውን ተይው" አለች እትዬ። ድምፅዋ ሸካራ ሆነ። "ሌላውን ውሰጂው፣ ግድ የለም፤ ከተባለ ተብሏል። ይሄ ግን የኔ ነው።"

"እሺ።"

"ለማንም።"

"ለማንም።"

ያን ጊዜ ነው መጥታ አልጋው ላይ የተቀመጠችው። ጫማዋን አወለቀች፤ ሁለቱንም። "ውሃ አሙቂልኝ፣ እግሬን ልዘፍዝፍ" አለች። ሚጢ ተነስታ ውሃ ጣደች።

ኪቦርዱ ወጣ። ኪቦርድ ተጫዋቹ አኩርፎ እቤት ድረስ መጣ፤ እትዬ ሻይ ቀድታ አስቀመጠችውና፣ "አንተ ልጄ፣ እጅህ በጣም ጎበዝ ነው። ግን ታስለቅሳለህ። ቀስ ብለህ ሌላ ቦታ አስለቅስ" አለችው። ልጁ ሳይወድ በግዱ ሳቀ። ዘፈኖቹ እንደገና በቤዝና በድምፅ ብቻ ተቀረጹ፤ ሚጢም ከዚያ በኋላ መድረክ ላይ ብቻዋን ነው የምትወጣው። ሰው ከበፊቱ ይልቅ ወደደው። ጭብጨባ እንኳ አይቸኩልም አሉ፤ ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ሁሉም ጥቂት ይቆያል።

እትዬ በሥራ ቦታ ዝም እንዳለች ብትቀር ደስ ባላት። ግን ሳቂታ ዘፈኑን ወደደችው፤ አንሶላ ባነሳች ቁጥር ማንጎራጎር ጀመረች፤ ያውም አበላሽታ። "ጫማዬ ጠፍቷል" እያለች። እትዬ አንድ ሳምንት ቻለችው። በሁለተኛው ግን ትዕግሥቷ አለቀ።

"ጠፍቷል አይደለም! ደርሷል ነው የሚለው።"

"አንቺ በምን አወቅሽ?"

"እህቴ ናት።"

"ማን?"

"የምትዘፍነዋ። እህቴ ናት አልኩሽ።"

ሳቂታ ሳቀች፤ ቀልድ መስሏታል። ከዚያ ሳቋን አቆመችና ቁልቁል የእትዬን ጫማ አየች። ተረከዙ በአንድ ወገን የተበላ፣ ማሰሪያው በክር የተቋጠረ ጫማ ነው። ቀና ብላ ፊቷን አየች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከባዱን የአንሶላ ጫፍ ሳትጠየቅ ወደ ራሷ መሳብ ጀመረች።

ያም ሆኖ ድካም በደግ ጓደኛ አይወጣም። አንድ ከሰዓት በኋላ እትዬ አንሶላ መተኮሻው ትልቁ ማሽን ፊት ቆማ ዓይኗ ተከደነ። ቆማ ነው እንቅልፍ የወሰዳት። አንሶላው በሚሽከረከሩት ትኩስ ብረቶች መሃል ሲገባ የጋውኗን እጅጌ ይዞት ገባ። ሳቂታ ጮኸች፤ እትዬ አልሰማችም። ሳቂታ ጋሪውን ዘላ ቀዩን የማቆሚያ ቁልፍ በመዳፏ መታችው። ማሽኑ ሲቆም የእትዬ ጣቶች ከትኩሱ ብረት አንድ ስንዝር አይርቁም ነበር። እጅጌው ተቃጥሎ ይጨሳል።

አለቃዋ መጥተው ማሽኑን አዩት፣ እጇን አዩት፤ አልተቆጧትም። "ፈቃድ መቼ ወጥተሽ ታውቂያለሽ?" ብለው ጠየቋት። እትዬ ልታስታውስ ሞከረች። እናቷ የሞተች ጊዜ ልትል ነበር፤ ያኔ ግን ገና አልተቀጠረችም። "ዛሬውኑ ሂጂ" አሏት። "ካንቺ ጣት አንሶላ አይበልጥም።"

እንዲህ ሆኖ እትዬ ፈቃድ ወጣች። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ተኛች ቢባል አይገልጸውም። ሰመጠች። ለመብላት ትነሳለች፣ ትመለሳለች። ሚጢ ድስቱን እንኳ ስታነሳ ኮሽ አታደርግም ነበር። ከዚያ አንድ ጠዋት እትዬ ነቃች፤ ሙሉ በሙሉ ነቃች። መስኮቱ ላይ ፀሐይ ነበረ። ይሄ ክፍል ጠዋት ፀሐይ እንደሚገባበት አታውቅም ነበር። ድንች መላጥ አማራት፤ ልጣ ቀቀለች። መጋረጃውን አወረደች፣ አጠበች፣ ሰቀለች። አመሻሽ ላይ ደግሞ እንደ ሰው ተቀምጣ ከሚጢ ጋር አወራች፤ በሰዓቱ አልጋዋ ገባች፣ ዝም ብላ ተኛች። በእንቅልፍ ልቧ ማውራቱም ቀረ።

ሚጢ ቤዙን ይዛ ትቀመጣለች። ትነካካለች፣ ትተወዋለች። "ም፣ ም" ትላለች ያለ ቃል፤ መልሳ ትተወዋለች። እትዬ ይሄን ለጥቂት ቀናት አየችና ነገሩ ገባት።

"ሚጢ፣ አዲስ ነገር አልጻፍሽም?"

"አልመጣልኝም።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

የሚጢ ጆሮ ቀላ።

"እኔ ካልደከመኝ አንቺ ዘፈን የለሽም ማለት ነው?"

"አትበይ እንደዚህ!" ሚጢ ቤዙን አልጋው ላይ አስቀመጠችው፤ ድምፅዋ ከፍ ሲል እትዬ ሰምታ አታውቅም። "ምንም ባይኖረኝ ይሻለኛል። ስንት ዓመት ሙሉ አንቺ ስትወድቂ እኔ ቃል ስለቅም ነበር። አሁን ሳስበው አፍራለሁ። እባክሽ እትዬ፣ ዝም ብለሽ እረፊ። እኔ የራሴን እስካገኝ ልፈልግ። ካላገኘሁም ወደ ሆቴሉ ባንድ እመለሳለሁ፤ ቆሜ መምታት አላቃተኝም።"

እትዬ የሚጢን ወንበር አየችው። ባለ መደገፊያ ክንድ ስለሆነ ቤዙን ይገፋዋል፤ ሚጢም ወገቧን አጣማ ነው የምትቀመጠው። ስንት ዓመት እንደዚያ ስትቀመጥ ማዶ ሆና አላየቻትም ነበር።

በማግስቱ ለብሳ ወጣች። "ወዴት?" ስትባል "ሰውነቴን ላፍታታ" አለች። የአናጢው ቤት የት እንደሆነ ታውቃለች። ሁሌም ታውቃለች፤ የምትሄድበት አውቶቡስ በዚያ በኩል ስለሚያልፍ ነው በእግሯ ሌላ መንገድ የለመደችው።

በሩ ላይ ስትቆም ሰውየው ጎንበስ ብሎ ጣውላ ይልጋል። ሽበት ወሮታል፤ ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቷል። ቀና ሳይል፣ "ይግቡ፣ ምን ፈልገው ነው?" አላት።

"መቀመጫ ላሠራ ነበር። ክንድ የሌለው፣ ከፍ ያለ። ሙዚቃ ለሚጫወት ሰው ነው።"

"ለርስዎ ነው?"

"ለእህቴ። ረጅም ናት።"

መላጊያው ቆመ። ሰውየው ቀና አለ። ትንሽ አያት፤ ከዚያ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ፣ የሚጽፍበት ነገር ግን አልነበረውም።

"አንቺ ነሽ እንዴ?"

"እኔ ነኝ።"

"ያቺ ልጅ ረጅም ሆነች?"

"በር አያስገባትም።"

"አደገች በይኛ" አለ፣ ቀስ ብሎ።

"አደገች።"

ሰውየው አግዳሚውን በእጅጌው ጠረገላት። ከኋላ በር አንዲት ሴት ሻይ ይዛ ገባች፤ የሰውየውን ትልቅ ነጠላ ጫማ ነው ያደረገችው፣ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። "ድሮ ሆስፒታል ስሠራ የማውቃት ናት" አላት። "እንኳን ደህና መጡ፣ አረፍ ይበሉ" አለች ሴትየዋ፣ ለእትዬም ሻይ አመጣችላት፤ ከውስጥ ልጅ ሲጣራ ደግሞ በረጅሙ እየተነፈሰች ተመለሰች። እትዬ ልትጠላት ፈልጋ ነበር የመጣችው፤ አልሆነላትም።

"ጠብቄ ነበር እኮ" አለ አናጢው፣ ሚስቱ ከሄደች በኋላ።

"አውቃለሁ።"

"ብዙ ነው የጠበቅኩት።"

"አውቃለሁ አልኩህ።"

"ስቀር አዘንሽብኝ?"

እትዬ ሻዩን አየችው። "ያኔ ለማዘን ጊዜ አልነበረኝም" አለች። "አሁን ፈቃድ ላይ ነኝ።"

የመቀመጫውን ከፍታ ለካ። ጣውላውን መረጠ። ሲሸኛት በሩ ላይ ጥቂት ቆመ፤ እሷም ወደኋላ አላየችም። በመንገዷ ላይ ግን አውቶቡስ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። ድምፅ አልነበረውም፤ እንባው ብቻ ዝም ብሎ ይወርዳል። ሁለት አውቶቡስ መጥቶ ሄደ። አጠገቧ የተቀመጠች ዘንቢል የያዘች ሴት፣ "ምነው እናት፣ ምን ሆንሽ?" ብላ ጠየቀቻት።

"አዝኜ ነው" አለች እትዬ። ቃሉ ራሷን ገረማት። ለሚጢ አላዘንኩም ብላ የተቆጣችው ትዝ አላት፤ ያኔ የተናገረችውም እውነት ነበር። ኀዘኑ ወረፋ ይዞ ቆይቶ ኖሯል እንጂ።

ቤት ስትገባ ሚጢ ክር እየቀየረች ነበር። እትዬ ጫማዋን አወለቀች፣ እግሯን አልጋው ላይ አወጣች፣ ትራሱን ከጀርባዋ አደረገች። እንቅልፍ አልመጣም።

"አንድ አናጢ ነበር" አለች።

ሚጢ ክሩን ለቀቀችው። ቤዙን አንስታ ግድግዳው ጥግ አቆመችው፤ ራቅ አድርጋ። መጥታም በእትዬ እግር በኩል አልጋው ላይ ተቀመጠች።

እትዬ ከመደርደሪያው ጀምራ ሁሉንም ነገረቻት። የተናገረውን፣ ያልተናገረውን፣ መዶሻውን በየትኛው እጁ ይዞ እንደነበር። ሚጢ "ለኔ ብለሽ ነው?" ልትል ስትጀምር እትዬ በእጇ ከለከለቻት። "ላንቺ ብቻ አይደለም። ፈርቼም ነበር። አታቋርጪኝ።" ሚጢ አላቋረጠቻትም። ሚጢ ቀድታው የነበረው ሻይ ቀዘቀዘ፤ አንዳቸውም አላሞቁትም።

ፈቃዱ አልቆ እትዬ ሥራ ከተመለሰች በኋላ መቀመጫው ደረሰ። አናጢው ራሱ አልመጣም፤ በጋሪ ላከው። ጥሩ እንጨት ነው፣ በደንብ የተላገ፣ ከፍታውም ልክ ነበር። አንድ እግሩ ብቻ በጥቂቱ አጥሮ ይንቀጠቀጣል።

"ይመለስና ያስተካክለው?" አለች ሚጢ።

"ተይው፣ እሱም አርጅቷል" አለች እትዬ፣ ከሥራ የመጣችበትን ጋውን እያወለቀች።

ሚጢ ካርቶን አጥፋ ከእግሩ ሥር አደረገች፣ ተቀመጠችበት፣ ወገቧን አቀናች፤ ቤዙንም አንስታ የራሷን ቃል ፍለጋ ቀጠለች።